«እሺ ክቡር ከንቲባ!» ቀልዱን ትተን እንነጋገር

ወገን፣ ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንዲት ቃል ነው። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ቃሏ «ከንቲባ» ናት።

ገለጉ መናኸሪያ ሂድና ጆሮህን ጣል አድርግ። ተሳፋሪ እየጠራ መኪና የሚሞላው ልጅ «ከንቲባው» ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ማን ከማን ጋር እንዳለፈ የሚቆጥረው ሰውዬ «የሰፈሩ ከንቲባ» ነው። ጓደኛህ ራሱ ምንም ሳይሠራ ሌላውን ማዘዝ ሲያበዛ «እሺ ክቡር ከንቲባ!» ትለዋለህ። አእምሮውን ታሞ መንገድ ላይ እየዞረ መኪና የሚያስተናብረውን ምስኪን ሳይቀር በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ከሁሉም ሥራውን የምር የያዘው ደግሞ እሱ ነው።

ለምን ትቀልዳላችሁ ብዬ ልቆጣ አልመጣሁም። የኛ ሰው ፊት ለፊት የማይደፍረውን ሹም በቀልድ ሲደፍር የኖረ ነው። ግን ቀልዱን ጠጋ ብለህ እየው እስኪ። በእነዚህ አባባሎች ሁሉ ውስጥ ከንቲባ ማለት ወይ ሥራ የሌለው ሰው ነው፣ ወይ ማንም ሳይሾመው ራሱን የሾመ ነው፣ ወይ የሚያዝ ግን የማይጠየቅ ነው። ቃሉን መጀመሪያ ያራገፉት በማዕረግ የተሸከሙት ሰዎች ናቸው፤ ይሄ ግልጽ ነው። እኛ ደግሞ የቀረውን ባዶ ቀፎ አንስተን እንጫወትበታለን። በተጫወትንበት ቁጥር እነሱ ይቀላቸዋል። የኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱም ቃሉ የኛው ሰፈር ቃል ነው። ከፈረንጅ የመጣ አይደለም፤ አዲስ አበባም አልፈጠረችውም። በጎንደር ዘመን ከንቲባ ሲባል የደምቢያ ገዥ ማለት ነበር። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በጉዞ መጽሐፉ የደምቢያን ከንቲባ ያነሳል። ደምቢያና ቋራ ደግሞ እጅና ጓንት ናቸው፤ መይሳው ካሳን ያሳደጉት ዘመዳቸው ደጃዝማች ክንፉ ሁለቱንም አገር አንድ ላይ ይገዙ ነበር። በሰሜን በኩል ከሄድክ ሐማሴን ላይም የከንቲባ ማዕረግ ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ በቀይ ባሕር በኩል ያሉት የሐባብ ሰዎች አለቃቸውን «ከንቲባይ» ይሉታል። ከጣና ዳር እስከ ባሕሩ ድረስ ሲነገር የኖረ ቃል ነው እንግዲህ። (በነገራችን ላይ «ቋረኛ» የሚለውም ቃል አንድ ጊዜ የቤተ መንግሥት ቃል ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ከቋራ ናቸው፤ ጎንደር ላይ ዘመዶቻቸው በሥልጣን ሲበዙ ሰው «ቋረኞች» እያለ ይጠራቸው ነበር። ዛሬ ቋረኛ ነኝ ስትል «የት ነው እሱ? ሱዳን ነው?» የሚልህ ሞልቷል። ይሄን ሌላ ቀን።)

በኋላ ማዕረጉ የጎንደር ከተማ አስተዳዳሪ መጠሪያ ሆነ። ከንቲባ ገብሩ ደስታን አስቡ። በኢየሩሳሌምና በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ጎንደርን በከንቲባነት ያስተዳደሩ፣ በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደውና ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር እስከ አሜሪካ በመልእክት የሄዱ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ ስንት ሌላ ሥራ ሠሩ፤ ግን እስከ ዛሬ «ከንቲባ ገብሩ» ነው የምንላቸው። ማዕረጉ ከስማቸው ጋር ተሰፍቶ ቀረ። በመጀመሪያው አገር አቀፍ የፓርላማ ምርጫ ተወዳድረው ያሸነፉት የመጀመሪያዋ ሴት፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ ልጃቸው ናቸው። እስኪ ዛሬ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ሰው በፍቅር «ከንቲባ» እያለ የሚጠራው አንድ ሰው ቁጠርልኝ።

አሁን ወደ ሕጉ። ብዙ ልጆች የማያውቁት ነገር አለ። ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌና በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ከንቲባ የፈቀዱት ለሁለት ከተማ ብቻ ነበር፦ ለአዲስ አበባና ለጎንደር። ሌላው ከተማ ሁሉ የሚመራው በ«ከተማ ሹም» ነው። ደሴም ሐረርም ጅማም ሹም እንጂ ከንቲባ አልነበራቸውም። ጎንደር ይሄን ያገኘችው በስጦታ አይመስለኝም፤ ቃሉ ከመጀመሪያውም የሷ ስለሆነ ነው።

ግን ተረት እንዳናደርገው። ያ ከንቲባ በሕዝብ የተመረጠ አልነበረም፤ ንጉሡ ናቸው የሚሾሙት። ምክር ቤት የሚባለውም ቤትና ቦታ ያለው ሰው የሚገባበት ነበር። ጭሰኛውና ተከራዩ፣ በጀርባው ጆንያ የሚሸከመው ሰው ምን አገባው? «የድሮው ይሻል ነበር» የሚል አስተያየት ልትጽፉ ጣታችሁን የዘረጋችሁ ልጆች፣ መልሱት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በዚያው በድሮው ዘመን የተተረተ ነው።

ደርግ መጣ፤ በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን አቋቋመ። ከዚያ ወዲያ የሰው ፍርሃትም ተስፋም ከከንቲባው ወደ «ቀበሌ» ዞረ። ስኳር ከቀበሌ፣ መታወቂያ ከቀበሌ፣ ቤት ከቀበሌ፣ ለብዙ እናት ደግሞ የልጇ ሬሳ ወሬ ከቀበሌ። ቀበሌ የቦታ ስም መሆኑ ቀርቶ የሚበላና የሚጠራ ፍጡር ሆነ፤ «ቀበሌ ጠራችኝ»፣ «ቀበሌ ወሰደው»። ቃል እንዲህ ነው የሚቀየረው። በላዩ ላይ የሆነውን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል።

ከዚያ የ1997 ምርጫ። ብዙዎቻችሁ ያኔ ሕፃን ነበራችሁ፣ ያልተወለዳችሁም አላችሁ። ቅንጅት የአዲስ አበባን ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን ወሰደ። አንድ ወንበር ቀረ! ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከንቲባ እንዲሆን ተመረጠ። ግን አንዲት ቀን እንኳን በዚያ ቢሮ አልተቀመጠም። በ1998 መጀመሪያ ከጓዶቹ ጋር ታሰረ፣ በ1999 መጨረሻ በይቅርታ ወጣ። (ዛሬ ሚኒስትር ነው፤ በዚያ ላይ ያለኝን አስተያየት ለራሴ ልያዘው።) ከተማዋን በግንቦት 1998 የፌዴራል መንግሥት ለሾመው «ባለአደራ አስተዳደር» አስረከቧት። እዚህ ላይ ቆም በል። የተመረጠው «ከንቲባ» እስር ቤት፣ ያልተመረጠው «ባለአደራ» ቢሮ። አደራ የሚባለው ባለቤቱ አምኖ የሰጠህ ነገር ነው። ባለቤቱ ሳይሰጥህ የያዝከው ነገር በአማርኛ ሌላ ስም አለው፤ ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ቃሉ ግን ሌባ ቤት አልቀረም። በ2011 ዓ.ም. እስክንድር ነጋና ጓዶቹ «የአዲስ አበባ ባለአደራ ምክር ቤት» ብለው ያንኑ ቃል ከመንግሥት እጅ መልሰው ወሰዱት። በ1998 የመንግሥት ተሿሚ ማለት የነበረው ቃል በ13 ዓመቱ የመንግሥት ራስ ምታት ማለት ሆነ። ቃል ይወሰዳል፣ ይመለሳልም። ከንቲባንም መመለስ ይቻላል የምለው ለዚህ ነው።

ይሄ የኛ ብቻ ችግር ነው የሚል ካለ ቱርክን ይጠይቅ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ያለው መንግሥት በኩርዶች ከተሞች የተመረጡትን ከንቲባዎች እያነሳ በምትካቸው የራሱን ሰዎች አስቀመጠ፤ ዲያርባኪር ላይ ደጋግሞ አደረገው። የተሿሚው የሕግ ስም «ካዩም» ነው፤ የሌላ ሰው ንብረት የሚጠብቅ ሞግዚት እንደማለት። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ይሄ ቃል ስድብ ሆኗል። ከላይ ሰው በተጫነበት ቦታ ሁሉ «ካዩም» ይላሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንኳን።

እኛ ጋ በ2010 የአዲስ አበባ ቻርተር ተሻሽሎ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ከተማዋን እንዲመራ በር ተከፈተ። ኢንጂነር ታከለ ኡማ በ«ምክትል ከንቲባ» ስም መጡ፤ ቀጥለው ወይዘሮ አዳነች አቤቤም በዚያው ስም ገቡ፤ እስከ መስከረም 2014 ድረስ። ሦስት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ምክትል ነበራት፣ ከንቲባ አልነበራትም። ምክትል! የማን ምክትል? ከዚህ በላይ ቀልድ ሻይ ቤትም አይወራም።

አዲስ አበባን ተውት፤ የራሳችን ቤት ይብሳል። በክልላችን ሕግ የከተማ ሕዝብ ምክር ቤቱን ይመርጣል፣ ምክር ቤቱ ደግሞ ከአባላቱ መካከል ከንቲባውን ይመርጣል። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ታዲያ ሕዝቡ ምክር ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ የመረጠው መቼ ነው? የአካባቢ ምርጫ በመላ አገሪቱ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። ያኔም ውድድር ነበር ለማለት ይከብዳል፤ ኢሕአዴግ ከነአጋሮቹ ጠቅልሎ ነው የወሰደው። ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ። በ2013ቱ ምርጫ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ሲመረጡ፣ የክልል ከተሞች፣ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ተረሱ።

አሁን ዕድሜህን አስላ። በ2005 አሥራ ስምንት ዓመት ካልሞላህ፣ ለከተማህ ምክር ቤት በሕይወትህ ድምፅ ሰጥተህ አታውቅም ማለት ነው። አንዴም። ግብር ትከፍላለህ፣ ንግድ ፈቃድ ታወጣለህ፣ ለአጥርህ፣ ለጣሪያህ፣ ለሱቅህ ታፔላ ትጠየቃለህ። ከዚህ ሁሉ በላይ የተቀመጠውን ሰው ማን አስቀመጠው ስትባል መልስ የለህም። በመናኸሪያው «ከንቲባ»ና በእውነተኛው መካከል ያለው ልዩነት ማኅተም ብቻ ሆነ። ሕዝቡ የሚቀልደው ዝም ብሎ አይደለም ያልኩት ይሄን ነው፤ ቀልዱ ሕጉን ከጠበቆቹ በላይ በትክክል አንብቦታል።

እንግዲህ የከንቲባው ባዶነት ሌሎች ቃላት ወለደ። የከተማን ቢሮ ቋንቋ ስሙት። አዲስ አበባ ላይ በላስቲክ ዘርግቶ የሚሸጠው ልጅ «ደንብ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሮጣል። ደንብ ማለት ሥርዓት፣ ሕግ ማለት ነበር፤ ዛሬ የሚያባርርህ ሰው ማለት ነው። በሌሊት ተሠርቶ ጠዋት የተገኘው ቤት «ጨረቃ ቤት» ነው፤ ቦታ በቀን በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ቢሆን ማን በጨረቃ ይሠራ ነበር? ፋይልህን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ በክፍያ የሚያሳልፍልህ ደላላ «ጉዳይ ገዳይ» ይባላል። ይሄን ያወጣው ሰው ሊቅ ነው። ጉዳይህን ገድሎ፣ ገንዘብህንም ቀብሮ ነው የሚመለሰው። «ነገ ና» ደግሞ የትኛውም ማኅተም የሌለው ግን በሁሉም ቢሮ የሚሠራ መመሪያ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን «ማዘጋጃ ይቅበርህ» የሚለው እርግማን ነው። ማዘጋጃ ቤት ዘመድ ያልተገኘለትን ሬሳ አንስቶ ይቀብራልና፣ ያለ ወገን ሙት ማለት ነው። ደጋ ላይ ይሄ እርግማን ነው። እኛ ቆላ ላይ ግን የሰው ዕጣ ነው። ለሰሊጡ አረምና አጨዳ ከደጋው የሚወርደውን ወጣት አስቡት፤ ከቋራ እስከ መተማ፣ ከዚያ እስከ አርማጭሆ። ወባ አለ፣ ካላዛር አለ፣ ሙቀቱ አለ። ስሙን ባልተመዘገበበት ማሳ ላይ የወደቀ ልጅ እናቱ ዘንድ ወሬው ሳይደርስ ይቀበራል። እስኪ ንገሩኝ፣ ከተማ ከንቲባ ያስፈለጋት ለምንድን ነው? ሪባን ለመቁረጥ ነው? ወይስ በዚያ ወቅት ወደ ከተማዋ የሚገባውን የሰው ልጅ ለመቁጠር፣ የሚያድርበትን ጥላ ለማዘጋጀት፣ ሲታመም የሚወሰድበትን መኪና ለመመደብ፣ ሲሞት ስሙን ጽፎ ለቤተሰቡ ለመላክ?

ደግሞ ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። ሰሊጥ ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነው፤ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ሥራ ከጀመረ ወዲህ መተማ ላይ ሳይቀር እየተመዘነ ይሄዳል። ጭነቱ በከተሞቻችን መሃል ያልፋል፤ ለኛ የሚቀረው አቧራው ነው። በክረምት ደግሞ ዋልካው ይይዝሃል። የድሮ ሰዎች የመንደሩን አለቃ «ጭቃ ሹም» ይሉት ነበር፤ ቋራ ላይ በሐምሌ ሁላችንም ጭቃ ሹም ነን።

አሁን ወደ ሚያጣላን ነገር ልግባ፤ ይሄኛውን ለራሳችን ሰዎች ነው የምለው። «ምስለኔ» የምትል ቃል በየአስተያየቱ ስር ሞልታለች። «ምስለ እኔ» ከሚለው ነው የመጣችው፤ እኔን መሳይ፣ በኔ ቦታ ያለ ማለት ነው። ትልቁ ገዥ ሌላ ቦታ ሆኖ በስሙ አገሩን የሚያዝለት ወኪል ነበር። ዛሬ «የሌላ ሰው አሻንጉሊት» ለማለት እንጠቀምባታለን። ሕዝብ ሳይመርጠው ከላይ ለተጫነ፣ ትእዛዝ ተቀብሎ ለሚያስተላልፍ ባለሥልጣን ቃሏ ልክ ናት፤ እንደ ጫማ ትገጥመዋለች። እኔም እጠቀምባታለሁ።

ግን ለማን ነው የምንለጥፋት? የውኃ ፓምፕ የሚጠግነው ቴክኒሺያን ምስለኔ ነው? የልደት ምዝገባ የምትጽፈው ልጅ ምስለኔ ናት? ደመወዙ ሳይደርሰው ቆሻሻ የሚያስነሳው የማዘጋጃ ሠራተኛ? የቦታ ካርታ መዝገብ እንዳይጠፋ ቢሮው ውስጥ የሚያድረው ሽማግሌ ዘበኛ? በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ላይ «ምስለኔ»፣ «ባንዳ» ብሎ መለጠፍ የሻይ ቤት ጨዋታ አይደለም። ሰው ይሞትበታል። ስም ጠርታችሁ፣ ፎቶ ለጥፋችሁ «ይሄ ምስለኔ ነው» የምትሉ ልጆች፣ ማታ ላይ ያ ሰው ቤት ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ አናውቅም አትበሉ። ከንቲባውን ያጣች ከተማ ፓምፕ ጠጋኟንም ካጣች የሚቀረው ጉድጓዱ ነው። ቂማችን ከሥርዓቱ ጋር ከሆነ ጥያቄውን የሚመልሰው ሰው ዘንድ እንውሰደው። ጸሐፊዋን ማስፈራራት ጀግንነት አይደለም። ይሄን በመጻፌ «አንተም ምስለኔ ነህ» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ይምጣ።

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ ምርጫ የለ፣ ምክር ቤት የለ» የሚል ይኖራል። የምርጫ ቀን እስኪመጣ ድረስም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ይጠየቃል ይላል፤ ሕዝብ ያመነው ተመራጭ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ወረቀት ነው ትለኛለህ። አዎ፣ ወረቀት ነው፤ አንተን ከሱቅህ የሚያስነሳህም ወረቀት እኮ ነው። የእነሱ ወረቀት ሲሠራ ያንተ የማይሠራው ስለማታነሳው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስብሰባ ሲጠሩህ፣ «ሰላምና ልማት» ብለው አዳራሽ ሲሰበስቡህ፣ ከኋላ ተቀምጠህ «ክቡር ከንቲባ ጀመረ ደግሞ» እያልክ አትሣቅ። እጅህን አውጣ። የከተማውን ምክር ቤት አባላት ስም ዝርዝር ጠይቅ፤ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ፣ ማን ተዛወረ፣ ማንስ በነሱ ቦታ ገባ? ምክር ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው በየትኛው ቀን ነው፣ ቃለ ጉባኤውስ የት አለ? በዚህ ዓመት ከከተማው ነጋዴ የተሰበሰበው ስንት ነው፣ ስንቱ ለመንገድ፣ ስንቱ ለውኃ ወጣ? በአጨዳ ወቅት የሞቱ የቀን ሠራተኞች መዝገብ አለ ወይ? ካለስ ማን ጋ ነው? የአካባቢ ምርጫ መቼ ነው? የሚሰጥህን መልስ ቀንና ሰዓት ጽፈህ ላክልን። «ነገ ና» ቢሉህም እሱኑ ጻፈው። የጠያቂውን ስም አናወጣም፤ መልሱን ግን ቃል በቃል እንለጥፈዋለን።